የታጣፊዋ ምንጭ

ወለላ አድማሴ ስለ ሥራዋ ስታወራ ትሕትና በአጠገቧ አያልፍም። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ወረታ ባለው ማሰልጠኛችን ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ ከጋዋኗ ኪስ ቆሎ አይጠፋም። «ይኸን የመሰለ ነገር በዚህ አገር ከኔ በፊት ማን ሠራ? አለ የምትሉት ካለ ጥሩልኝ!» ትልና ቆሎዋን ትቆረጥማለች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ዝቅ በይ» ሲሏት፣ «ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ከረምኩ እኮ፤ አሁን ቀና ልበል እንጂ» ነው መልሷ።

ክፋቱ፣ እውነቷን ነበር።

የሠራችው ኮምፒውተር ነው። ሲዘረጓት እንደ ማንኛውም ላፕቶፕ ኪቦርዷ እየተመታ ይጻፍባታል፤ ወደ ኋላ ሲያጥፏት ደግሞ ታብሌት ትሆንና ክንድ ላይ ተይዛ በጣት ይጻፍባታል። እኛ «ታጣፊዋ» እንላታለን። ውጭ አገር እንዲህ ያለ እንደሚሠራ፣ መገንጠያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ፈድሉ በስልኩ አሳይቷት ነበር። ምስሉን አየች፣ አገላበጠች፣ «የእነሱ መሬት ደረቅ ነው» ብላ ስልኩን መለሰችለት።

ፎገራን የማያውቅ ሰው ይኸ ላይገባው ይችላል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። ሩዙ ይወደዋል፤ ከብቱም ለምዶታል። ያልለመደው የመንግሥት ሪፖርት ነው። የወለላ ታናሽ እህት ቤዛ ቁሐር ሚካኤል የግብርና ባለሙያ ናት፤ የማንን ማሳ አረም እንደበላው፣ የማንን ውኃ እንደወሰደው፣ ውኃው ውስጥ ቆማ መመዝገብ አለባት። ወረቀት ይርሳል። ላፕቶፕ ጭን ይፈልጋል፤ ጭን ደግሞ መቀመጫ ይፈልጋል፤ መቀመጫው ውኃ ሥር ነው። ታብሌት ብቻ ብትይዝ ደግሞ ማታ ቢሮ ገብታ ሪፖርቱን በአንድ ጣት ስትነካካ ይነጋባታል። የዚያን ጊዜ ሪፖርት ቁመቱን ታስታውሱታላችሁ፦ የልማት ሠራዊት ግንባታ፣ የአንድ ለአምስት አፈጻጸም፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች፣ ከመፍትሔዎቹ በኋላ ያጋጠሙ ችግሮች።

ወለላ እህቷን አይታ ነው የተነሣችው። ቆማ በጣት፣ ተቀምጣ በኪቦርድ የምትሠራባት አንዲት ዕቃ።

ኮምፒውተር ማጠፍ ቀላል ይመስላል። በር ይታጠፍ የለ? ወለላም ከበር ጀመረች። ገበያ ወጥታ ትንንሽ የሳጥን ማጠፊያ ገዛችና ስክሪኑን ከኪቦርዱ ጋር አያያዘችው። ስትዘረጋ ሠራች፤ ስትታጠፍ ሠራች፤ ጥቂት ሰነበተችና ጠፋች። ምስሉን ከታች ወደ ላይ የሚወስደው ገመድ እንደ ሪባን ስስ ነው፤ ብረቱ በታጠፈ ቁጥር ይቆርጠዋል። ሌላ ገመድ አመጣች፣ ሌላ ብረት አመጣች፤ እሱም ቆረጠው። አንድ ቀን ክፍሏ ስገባ የተበጠሱትን ገመዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ታፈጥባቸዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ብረት ጥርስ እንዳለው አላውቅም ነበር» አለች።

መፍትሔውን ያገኘችው ቤዛ ዘንድ ሄዳ፣ ቁሐር ሚካኤል ስታስቀድስ ነው። ዲያቆኑ አትሮኖሱን ይዞ መጣ፤ ዘረጋው፤ መጽሐፉን አሳረፈበት፤ ሲያበቃ አጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጦት ሄደ። የአትሮኖሱ እግሮች እንጨት ናቸው፤ እንደ መስቀለኛ ይተላለፋሉ። መጽሐፉ የሚያርፈው ግን እንጨቱ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው በተወጠረው ቆዳ ላይ ነው። እግሮቹ ሲከፈቱ ቆዳው ይወጠራል፤ ሲዘጉ ይታጠፋል። ስንት ቄስ አለፈበት፣ ስንት ጊዜ ተዘረጋ፣ ስንት ጊዜ ታጠፈ፤ አልተበጠሰም። የዚያን ዕለት ምን እንደተነበበ ወለላን ብትጠይቋት አታውቅም፤ ዓይኗ ቆዳው ላይ ነበር። የንስሐ አባቷ ሰምተው «ቢያንስ ዓይንሽ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣ» ብለው አለፏት።

ሰኞ ጠዋት ብረቱን ሁሉ ነቅላ ጣለች። ገመዱን በሁለት ስስ ቆዳ መካከል አስተኝታ ዳርና ዳሩን ሰፋችው፤ ቆዳው ራሱ ማጠፊያ ሆነ። ስክሪኑ ከፊት ወደ ኋላ ዞሮ ከኪቦርዱ ጋር ጀርባ ለጀርባ እስኪገጥም ይታጠፋል፤ ገመዱ ከቆዳው ጋር አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይነሣል። በጣም ታምር ነበር። ትሸትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቸኩላ ለበዓል ከታረደ የፎገራ በሬ ላይ፣ ገና ለፍቶ ያላለቀ ቆዳ ቆርጣ ነው የሰፋችው። ብዙም ሳይቆይ የጥበቃው ውሻ በመስኮት ገባና ታጣፊዋን በአፉ ነክሶ ግቢውን ዞረ፤ ተማሪው ሁሉ እየጮኸ ተከተለው። በቫይረስ የተበላ ኮምፒውተር በየአገሩ አለ። በውሻ የተበላ የመጀመሪያው ግን የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

«አይዞሽ ወሊ» አላት ፈድሉ፣ «ውሻ የወደደው ዕቃ ገበያ አያጣም።»

«አንተ ዝም በል፤ ይልቅ ሌላ ስክሪን ፈልግልኝ!»

ፈለገላት። እሷም በገበያ ቀን ኮርቻ ከሚሰፉት ሰዎች ዘንድ በደንብ የለፋ፣ እንደ ጨርቅ የሚተኛ ቆዳ አመጣች። ከዚያ በኋላ ችግሮቹ ተራ ገብተው ጠበቋት። ሲዘረጓት ስክሪኗ ከብዶ ወደ ኋላ ትወድቅ ነበር፤ ባትሪውን ከኪቦርዱ ሥር አወረደችውና ከኋላዋ እንደ አትሮኖስ እግር የሚከፈት የቀርከሃ ድጋፍ አደረገችላት። ሲያጥፏት ደግሞ ኪቦርዱ ከሥር ስለሚሆን የያዛት እጅ ሳያውቀው ፊደል ይመታል፤ አንተ በጣትህ «ሩዝ» ብለህ ስትጽፍ አውራ ጣትህ ከሥር «ጠጠጠጠጠ» ይጨምርበታል። ለዚህም ከሞተ የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት አውጥታ ከስክሪኑ ጀርባ ቀበረች፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሲገጥሙ ማግኔቱ ኪቦርዱን ያስተኛዋል፤ ሲለያዩ ይቀሰቅሰዋል። ክፍተቱን ሁሉ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቆረጠች ደፈነችው። በመጨረሻ አንድ ኩባያ ውኃ አምጥታ እኔ ፊት አፈሰሰችባት። እኔ ጮህኩ። ታጣፊዋ ዝም ብላ መሥራቷን ቀጠለች።

እዚህ ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ተገኘ እባላለሁ፤ የማሰልጠኛው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ስመጣ መጽሔት ታዘጋጃለህ ነበር የተባልኩት፤ ደርሼ ሳየው ሥራው ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። የቴክኖሎጂ ገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊም እኔው ነበርኩ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ ዘመን ከእኛ የሚጠበቀው ቴክኖሎጂ መቅዳት ነበር። መፍጠር አላልኩም፤ መቅዳት፣ ያውም መቶ በመቶ። እያንዳንዱ አስተማሪ በዓመት አንድ ነገር ከሌላ ቦታ ቀድቶ ያቀርባል፤ ምንጩና ቅጂው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ኮሚቴው መቶኛ ይሰጣል። የብሎኬት ማምረቻ የቀዳ ነበር፤ ወፍጮ የቀዳ ነበር። አንዱማ የገዛ ግቢያችንን አግዳሚ ወንበር ቀድቶ ዘጠና ስምንት አገኘ። ሁለት ነጥብ የተቀነሰበት የእሱ ወንበር ስላልተወዛወዘ ነው።

ወለላ «ቴክኖሎጂው የተቀዳበት ምንጭ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ «ከራሴ» ብላ ጻፈች።

ሰብሳቢው አቶ አንለይ ከዞን የመጡ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ከሸሚዛቸው ኪስ ሁለት እስክርቢቶና አንድ ፍላሽ አይለይም፤ ቅጽ ላይ ባዶ ወይም የተጣመመ ሳጥን ካዩ ግን ምግብ አይበላላቸውም።

«መምህርት ወለላ፣ ራስ ምንጭ አይሆንም» አሏት።

«ለምን አይሆንም?»

«ምንጩ ይቀርባላ! ቅጂው ከጎኑ ይቀመጣላ! ራስሽን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው?»

«ያስቀምጡት፤ እዚህ ካለው ዕቃ ሁሉ እሱ ይሻላል።»

ሳቅን። ያልሳቁት ጋሽ ይርዳው ብቻ ናቸው። ጋሽ ይርዳው የንብረት ክፍል ኃላፊና የኮሚቴው አባል ናቸው፤ ታጣፊዋ የተሠራችበት አብዛኛው ዕቃ ደግሞ ከእሳቸው መጋዘን፣ ከሚወገዱ ኮምፒውተሮች ክምር ላይ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ብልት ላይ ቁጥር ተለጥፏል።

«ልጄ፣ ሐምሌ ላይ ቆጠራ አለብኝ» አሏት ቀስ ብለው። «ከጸደቀ በአዲስ ቁጥር እመዘግበዋለሁ። ካልጸደቀ ግን ይፈታና ዕቃው ወደነበረበት ይመለሳል።»

«ወዴት ነው የሚመለሰው ጋሽዬ?»

«ወደሚወገደው ክምር።»

«ከዚያስ?»

«ይወገዳል።»

«መቼ?»

«እሱን እንኳ የሚያውቅ የለም። ኮሚቴ ይቋቋምለታል።»

ወለላ ቆሎዋን ከጉንጯ እንደያዘች ቀረች። ታጣፊዋ አንዲት ናት፤ ሁለተኛ ስክሪን እንኳ ፈድሉ ያገኘው በስንት መከራ ነው። ቆዳው አንዴ ከተተረተረ ገመዱ አብሮ ይሄዳል። ኮሚቴው ካላጸደቃት ያ ሁሉ የዓመት ልፋት በጋሽ ይርዳው ጠመንጃ መፍቻ ከቁርስ እስከ ምሳ ተፈታትቶ ያልቃል። ቅጹን ነጠቀችኝና «ከራሴ» የሚለውን ሰርዛ፣ ግማሽ በንዴት ግማሽ በእውነት፣ «ከቁሐር ሚካኤል አትሮኖስ» ብላ ጻፈች።

አቶ አንለይ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ፊታቸው በራ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። «ምንጩ ይቅረብ።»

እኛ አገር ይኸን የሚል ሰው አይገርምም። የገረማቸው የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ አማረ ናቸው። መልእክታችን ቁሐር ሲደርሳቸው፣ «የሚካኤል ንዋየ ቅድሳት ለግምገማ ከግቢው አይወጣም፤ ገምጋሚው ይምጣ እንጂ» ብለው መለሱ። ቆጠራው ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ በሐምሌ ዝናብ፣ የዞንና የማሰልጠኛው ጥምር ኮሚቴ አንድን ኮምፒውተር ከአንድ አትሮኖስ ጋር ለማነጻጸር ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረደ።

ባጃጁን ፈድሉ ከወንድሙ ተውሶ ራሱ ነዳው። አቶ አንለይ፣ ጋሽ ይርዳው፣ ወለላና እኔ ከኋላ ታጨቅን። ጋሽ ይርዳው ጠመንጃ መፍቻቸውን በደረት ኪሳቸው ሰክተዋል፤ በጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ጎኔን ይወጋኛል።

«ጋሽዬ፣ እሱን ምን አደረጉት?» አልኩ።

«ምናልባት ካልጸደቀ ደጋግሞ መመላለሱ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

ወለላ ሰማች። ታጣፊዋን ከጋቢዋ ሥር አስገባቻት።

ከአስፋልቱ ስንወርድ ሜዳው አንድ መስተዋት ሆኖ ጠበቀን። መንገዱን የምታሳየን ቤዛ ነበረች፤ ግን በዕለቱ ስለ ውኃ ማጥለቅለቅ ሥልጠና ደብረ ታቦር ተራራ ላይ ተጠርታለች። ጫማችንን አወለቅን። አቶ አንለይ የጫማቸውን ማሰሪያ አያይዘው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉና እንዳይወርድ በአንድ እጃቸው ያዙት። እኔ የቅጹን አቃፊ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ከኋላ እከተላለሁ።

«ጸሐፊ! እየመዘገብክ ነው?» ይሉኛል ሳይዞሩ። «መስፈርት አንድ፣ በመስክ ለመጠቀም ያለው ምቹነት!»

«እየመዘገብኩ ነው» አልኩ፤ እግሬ ቦይ ውስጥ ገባ።

ስነሣ አቃፊው የለም። ቅጹ ከነማኅተሙ፣ ገጽ በገጽ ተለያይቶ፣ በሩዙ መካከል እየተንሳፈፈ ነው። አንዱን ገጽ ያዝኩት፤ እጄ ላይ ገንፎ ሆነ።

«ቅጹ!» ጮኹ አቶ አንለይ። «ያለ ቅጽ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?»

«ፍላሽዎ ላይ የለም?» አለች ወለላ።

ኪሳቸውን ዳሰሱ። አለ። እሷ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ ታጣፊዋን አወጣች፣ ፍላሹን ሰካች፣ ወደ ኋላ አጠፈቻት፣ ቅጹን ከፈተችና አቀረበችላቸው። አቶ አንለይ ግራ ቀኙን አዩ። ውኃ፣ ሩዝ፣ ውኃ።

«የት አስቀምጬ ልጻፍባት?»

«አያስቀምጧትም። ይቀፏት።»

አቀፏት። ሕፃን ክርስትና ሊያስነሡ እንደያዙ ዓይነት፣ በግራ ክንዳቸው። ሌላው እጃቸው ሱሪ ይዟል። ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሊሰዱ ፈለጉ፤ ሱሪውን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ሱሪውን ለቀቁት። ቀስ እያለ ተፈታና ውኃው ውስጥ ገባ፤ እሳቸው አላወቁም። በሌባ ጣታቸው መስፈርት አንድን ነኩት። ፊደል መጣላቸው። ጻፉ። ካፊያው ስክሪኑ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉና ቀጠሉ። ወደ ሁለተኛው ገጽ በጣታቸው ገፉት። ወደ አንደኛው መለሱት። እንደገና ገፉት፤ ይኸኛው ለሥራ አልነበረም።

ወለላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

በዚህ መካከል አያ አዛናው የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ ከብቶቻቸውን እየነዱ ደረሱ።

«እንደምን ዋላችሁ! ምን ጠፋባችሁ?»

«ምንም አልጠፋብንም አያ አዛናው፤ እየገመገምን ነው» አለች ወለላ።

«ውኃውን?»

«ኮምፒውተር።»

«እሰይ፣ እሰይ። በሉ እሱ ሲያልቅ ውኃውንም ገምግሙልን፤ ዘንድሮ አብዝቶታል» ብለው አለፉ።

አቶ አንለይ ቀና አላሉም። መስፈርት አራት ላይ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጉብ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ደረቅ ነው። ፈድሉ ጫማችንን ሰብስቦ ከቅጥሩ በር ውጭ ተቀመጠ። መሪጌታ አማረ አትሮኖሱን እስከ ደጀ ሰላሙ አስወጡልን፤ ነጠላ አንጥፈው አሳረፉት። ወለላ ታጣፊዋን ከጎኑ አስቀመጠች። ጎን ለጎን አየኋቸው። አንደኛው ያረጀ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ፤ ሌላዋ የላስቲክ ጥፍጣፊ የበዛባት። ግን ሁለቱም ቆዳቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ወጥረው ቆመዋል። አያትና የልጅ ልጅ ይመስላሉ።

«ይቅርታ መሪጌታ» አሉ አቶ አንለይ፣ «እርስዎ ቤት ያለው ይኸ ራሱ ከየት ተቀዳ?»

«የሠራው ሰው አልነገረንም» አሉ መሪጌታ። «ቅጽም ሳይሞላ ነው ያለፈው፤ ይቅር በሉት።»

ንጽጽሩ ተጀመረ። መታጠፍ፦ ሙሉ። ቆዳ፦ ሙሉ። ተሸክሞ ለመሄድ መመቸት፦ ሙሉ። ባትሪ? አትሮኖሱን አገላበጡት፤ የለውም። ስክሪን? የለውም። ኪቦርድ? መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ አንለይ በየሳጥኑ ዜሮ ሲሞሉ ፈድሉ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አቶ አንለይ! እኛም ቤት ቁርኣን የሚቀመጥበት አለ፤ ይታጠፋል! መቶኛው ካነሰ እሱን ልደምርላችሁ?»

መሪጌታ ከሁላችን በፊት ሳቁ። አቶ አንለይም ሳቁ፤ ሳቃቸውን እንደጨረሱ ግን ደመሩ። አርባ።

«አርባ በመቶ» አሉ። «ማለፊያው መቶ ነው።»

ጋሽ ይርዳው መፍቻቸውን አወጡ። ዓይናቸውን ግን ወደ ወለላ አላነሡም። «ምን ላድርግ ልጄ፤ ቆጠራ ነው።»

ወለላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትፎክራለች ብዬ ጠበቅኩ። «ጥሩልኝ» ትላለች፣ «ከኔ በፊት ማን» ትላለች ብዬ። እጇን ኪሷ ከተተች፤ ቆሎውን አላወጣችም።

«እሺ» አለች። «ብቻ ቆዳውን አይቅደዱት ጋሽዬ። ስፌቱን ከዳር ጀምረው በቀስታ ይተርትሩት።»

ስታለምን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ውሳኔው ይጻፍ» አሉ አቶ አንለይ። የቅጹ የመጨረሻ ገጽ ረጅም ሐተታ ይፈልጋል። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ታጣፊዋን ዘረጓት፤ ድጋፏን አቆሙላት፤ ጭናቸው ላይ ላፕቶፕ ሆነች። ከዚያ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሰውየው በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበሩ ለካ። አሥሩም ጣታቸው ተነሣ። «በቦታው ተገኝተን ባደረግነው ንጽጽር መሠረት...» እያሉ ሲመቱት ኪቦርዱ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ተንኳኳ። ከውሳኔው በታች «ስለዚህ ይፈታ» ብለው ነጥብ አኖሩ።

አሁን ፊርማ። አጠፏት። ለጋሽ ይርዳው አቀበሏቸው፤ ጋሽ ይርዳው መፍቻውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በጣታቸው ፈረሙ። ለእኔ ደረሰ። ጣቴን ሳነሣ ወለላን አላየኋትም፤ ማየት አልቻልኩም፤ ፈረምኩ። መለስኩላቸው።

አቶ አንለይ ግን ሊፈርሙ አልጀመሩም። ዘረጓት። አጠፏት። ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዘረጓት፤ ኪቦርዱ ነቃ። አጠፏት፤ ተኛ። መሪጌታ ያዩአቸዋል፤ ጋሽ ይርዳው ያዩአቸዋል። ከሱሪያቸው ጫፍ ውኃ ደረጃው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሽ ይርዳው» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ይኸን ውሳኔ ለመጻፍ ስንት ዕቃ ያስፈልገን ነበር?»

«ወረቀት...»

«ወረቀቱ ሄዷል።»

«እንግዲያውስ... ከእሷ በቀር የለንም።»

አቶ አንለይ ቅጹን ወደ ላይ ገፉት፣ ገፉት፣ ማንም አንብቦት ከማያውቀው መመሪያ ላይ ቆሙ። ቅጽ ሲያነቡ እንዲህ ተመስጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ሌላው ሰው ዳዊት ሲደግም ነው እንዲያ የሚሆነው።

«መምህርት ወለላ፣ አንድ ጊዜ በእውነት ንገሪኝ። ከአትሮኖሱ የወሰድሽው ምኑን ነው?»

«የቆዳውን ነገር።»

«ሌላውስ?»

«ነገርኩዎት እኮ አቶ አንለይ። ከራሴ።»

«ስለዚህ ቅጂ አይደለችም።»

«አይደለችም።»

«ቅጂ ካልሆነች ምንድን ናት?»

ከዚያ ጋሽ ይርዳው፣ መፍቻው ብብታቸው ሥር እንዳለ፣ ፈራ ተባ እያሉ፣

«ምንጭ?» አሉ።

አቶ አንለይ ጣታቸውን ወደ እሳቸው ቀሰሩ። «ምንጭ! እናንተም እዩት፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ ምንጩ ከቅጂው ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ሳይፈታና ሳይለወጥ በንብረት ክፍል ይጠበቃል። አይፈታም ይላል፤ በግልጽ! እኛ እስከ ዛሬ ምንጭ ስንፈልግላት ምንጯን ራሷን ልንፈታት ነበር።» እንደገና ዘረጓት፣ «ይፈታ» የምትለውን ፊደል በፊደል ሰረዙ፣ አዲሱን ውሳኔ መቱት። ታጣፊዋ በምንጭነት ትመዘገባለች፤ መምህርት ወለላ አድማሴ እስከ መጪው ሰኔ ከዚህች ምንጭ መቶ በመቶ ቀድታ ሁለተኛ ታቀርባለች፤ ለዚሁ የሚሆን ዕቃ ከሚወገደው ክምር ይፈቀድላታል። አጠፏት። ፈረሙ። እኛም እንደገና ፈረምን፤ እኔ ሁለት ጊዜ ልፈርም ነበር፣ ከለከሉኝ።

ጋሽ ይርዳው መፍቻውን ወደ ኪሳቸው መለሱና በረጅሙ ተነፈሱ። «በስንት ቁጥር ነው የምመዘግባት?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።

ወለላ ከደረጃው ተነሣች። ዓይኗን በጋቢዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ያ የቆየው ምናልባት አንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

«ድሮስ ምን አልኳችሁ?» አለች። «ከኔ በፊት ማን ሠራ? አለ የምትሉት ካለ ጥሩልኝ!» ቆሎዋን ዘግና ለአቶ አንለይ ሰጠቻቸው።

«ኧረ ዝቅ በይ አንቺ ልጅ» አሉ፣ እየቆረጠሙ። ያኔ ነው ሱሪያቸውን ያዩት።

ታጣፊዋ እስከ ሰኔ በጋሽ ይርዳው መጋዘን፣ በክብር፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍና ተቀመጠች። ወለላ ለሥራዋ ስትፈልጋት በፊርማ ትወስዳታለች፣ በፊርማ ትመልሳታለች። አቶ አንለይም ለሌላ ጉዳይ ወረታ በመጡ ቁጥር «የምንጩን ደኅንነት ላረጋግጥ» እያሉ መጋዘን ይገባሉ። አንዴ ከኋላቸው ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ቆመው ያጥፏታል፣ ተቀምጠው ይዘረጓታል። ሌላ ምንም አያደርጉም።

ሁለተኛዋ በሰኔ ቀረበች። ኮሚቴው ጎን ለጎን አስቀምጦ ቆዳቸውን፣ ማግኔታቸውን፣ ድጋፋቸውን አነጻጸረ። ዘጠና ስምንት።

«ሁለቱ የት ሄደ?» ብላ ወለላ ልትበላን ተነሣች።

አቶ አንለይ በእርጋታ የምንጯን ማጠፊያ አሳዩዋት። ስፌቱ ውስጥ ባለፈው ሐምሌ የገባ ጥቁር የቁሐር ጭቃ ደርቆ ተቀምጧል። «ምንጯ ላይ አለ» አሉ፣ «ቅጂዋ ላይ የለም። እኔ ያየሁትን ነው የምሞላው።»

ማለፊያው መቶ ነበር። ግን ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ጥቃቅን ጉድለት በመስክ እንዲሟላ ይፈቅዳል፤ እሱንም ያገኙት እሳቸው ናቸው። ቤዛ ከቁሐር መጥታ ቅጂዋን ፈርማ ተቀበለች። በማግስቱ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ታጣፊዋን በክንዷ አቅፋ ሩዙ ውስጥ ገባች። ሁለቱ ነጥብ ከምሳ በፊት ተሟላ።